የቦል ፓይተን ሞርፍ ከመግዛት በፊት እንዴት ይለያል?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ይልቁንም ይህ ስብሰባ እንዲደረግ የጠየቃችሁ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከምንኖር ቤተሰቦች መካከል ልጆቻቸው «እባብ ግዙልን» እያሉ የሚያስጨንቋቸው ጥቂት እንዳልሆኑ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ተረድቻለሁ። እባብ ቤት ውስጥ ይኑር ወይስ አይኑር የሚለውን ለየቤታችሁ እተዋለሁ። ዛሬ የምናገረው ለመግዛት ስለ ቆረጠ ሰው ነው፤ ከእንቁላል ከወጣ ጥቂት ሳምንታት የሆነው ቦል ፓይተን በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ተጠቅልሎ ሲያየው፣ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን የሞርፉን፣ ማለትም የመልኩን፣ ስምና ዋጋ አንብቦ ገንዘቡን ለመቁጠር ስለ ተዘጋጀ ሰው። ያ ስም እውነተኛ መሆኑን በምን ያውቃል?

ቦል ፓይተን በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የሚኖር፣ መርዝ የሌለው፣ ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል የማይበልጥ ዘንዶ ነው። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሀል ደብቆ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ስሙን ከዚያ አገኘ። በአገራችን ቆላ የሚገኘው ትልቁ ዘንዶ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። የተፈጥሮ መልኩ ጥቁር መደብ ላይ የተዘረጋ ወርቅማ ቡናማ ነው፤ ነገር ግን በጋና፣ በቶጎና በቤኒን አልፎ አልፎ መልካቸው የተለየ ይገኙ ነበርና እነዚህ ወደ አሜሪካ እየመጡ በእርባታ በዙ። እ.ኤ.አ. በ1992 ቦብ ክላርክ የተባለው አርቢ አልቢኖውን፣ ማለትም ጥቁር ቀለም የሌለውን፣ በቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ካራባ ወዲህ፣ አንዱን መልክ ከሌላው በማዳቀል ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥምረቶች ተፈጥረዋል። ሞርፍ የምንለው ይህንን በዘር የሚተላለፍ የቀለምና የምልክት ልዩነት ነው።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቡሬ፣ ወይኖ፣ ዳልቻ እያልን በሬን በመልኩ ስንጠራ ኖረናል። የበሬውን መልክ ግን ገበያ የወጣ ሁሉ ያየዋል፤ በእባቡ ዕቃ ላይ ከተጻፈው ስም ግማሹ በዓይን የማይታይ ሊሆን ይችላል።

በዓይን ከሚታየው ልጀምር። በመጀመሪያ እባቡ ቆዳውን ሊያወልቅ የተቃረበ አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ዓይኑ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ከደፈረሰና ገላው ከደበዘዘ፣ ቆዳውን እስኪጥል ድረስ ስለ መልኩ ምንም ፍርድ አትስጡ። ቀጥሎ ወደ መስኮት ወይም ወደ ደጅ ብርሃን እንዲወጣ ጠይቁ፤ የመሸጫ ጠረጴዛ ላይ ያለው ቢጫ አምፖልም ሆነ የስልክ ፎቶ ቀለምን ያጋንናልና። ፓስቴል የሚባለው በልጅነቱ ቢጫው እጅግ የደመቀ፣ አናቱ የፈዘዘ፣ ዓይኑ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው፤ ሆኖም ያ ቢጫ በዕድሜ ወደ ቡናማ እያዘነበለ ስለሚሄድ፣ የዛሬው ድምቀት ለዘለቄታው ዋስትና አይሆንም። ባናና በተቃራኒው በልጅነቱ ንጹሕ ሆኖ ይታይና ሲያድግ ጥቁር ጠቃጠቆ ያወጣል። ሞሃቬን ከሌሰር ለመለየት ጎኑን አስተውሉ፤ በሞሃቬ ጎን ላይ ባሉት የነጡ ምልክቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ ነጠላ ጥቁር ነጥብ፣ ልክ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ፣ ታገኛላችሁ፤ የሌሰር መደብ ደግሞ ይበልጥ የነጣ ነው። የሎ ቤሊ የሚባለው ከሁሉ ያስቸግራል፤ ከተራው እባብ ጋር በቀላሉ ይምታታል፣ ልዩነቱም የሚገኘው ሆዱና ጎኑ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ሻጩ እባቡን በእጁ ቀስ ብሎ እንዲገለብጠው ጠይቁና ያንን ጠርዝ ከራስ እስከ ጅራት ተከታተሉ።

አሁን ወደማይታየው ልለፍ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። አልቢኖ፣ ፓይድ፣ ክላውንና አክሳንቲክ የሚባሉት መልኮች የሚመጡት ከድብቅ ጂኖች፣ ማለትም ከወላጅ ከሚወረሱ የማይታዩ የዘር ምልክቶች፣ ነው። መልኩ እንዲወጣ ልጁ ጂኑን ከአባቱም ከእናቱም መውረስ አለበት። ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሰው «ሄት» ይባላል፤ ሲያዩት ከተራው እባብ አይለይም። «የእባብ ልጅ እባብ» ብንልም፣ የፓይድ ልጅ ፓይድ ሆኖ ላይታይ ይችላል። «66 በመቶ ሄት» የሚል ጽሑፍ ስታዩ እባቡ ከጂኑ ሁለት ሦስተኛውን ይዟል ማለት አይደለም። ሁለት ሄቶች ሲዳቀሉ ተራ መስለው ከሚወጡት ሦስት ልጆች በአማካይ ሁለቱ ጂኑን ይሸከማሉ፣ አንዱ አይሸከምም፤ የትኛው እንደሆነ ግን ማንም በዓይኑ ሊለየው አይችልም። ለዚህ ጽሑፍ የምትጨምሩት ገንዘብ የሚከፈለው ለዕድል መሆኑን አውቃችሁ ክፈሉ።

እኔ ይህን የተማርኩት በከባድ መንገድ ነው። አክሳንቲክ ማለት ቢጫ ቀለም የሌለው፣ በልጅነቱ እንደ አመድ፣ እንደ ከሰልና እንደ ብር ሆኖ የሚታይ፣ ልብ የሚሰርቅ መልክ ነው። አንድ ወንድ ከአንድ ሻጭ፣ አንዲት ሴት ከሌላ ሻጭ ገዛሁ። ሁለቱም አክሳንቲክ ነበሩ፤ አልተዋሸሁም። ሴቷ እስክትደርስ ሦስት ዓመት ጠበቅሁ። ስድስት እንቁላል ጣለች፤ ሁለት ወር ገደማ ሙቀቱንና እርጥበቱን ቀን ከሌት ስከታተል ከርሜ የመጀመሪያው ልጅ የእንቁላሉን ቆዳ ቀድዶ አፍንጫውን ሲያወጣ አየሁ። ቡናማ ነበር። ሁለተኛውም ቡናማ፣ ስድስቱም ቡናማ። ለካ አክሳንቲክ አንድ ጂን አይደለም፤ መልካቸው ተመሳስሎ ጂናቸው የማይገናኝ ልዩ ልዩ የዘር ሐረጎች አሉ፤ ቪፒአይ እና ቲኤስኬ የሚባሉት ከነዚህ መካከል ናቸው። አንዱም ሻጭ የዘር ሐረጉን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እንግዲህ እናንተ ጠይቁ፤ መልሱንም ከወላጆቹ ፎቶና ከተፈለፈለበት ቀን ጋር በጽሑፍ ተቀበሉ።

ዛሬ ከቃል የተሻለ ማስረጃ አለ። በኢስተርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ጥናት፣ አርቢዎችና ባለቤቶች የላኩላቸውን የወለቀ የእባብ ቆዳ መርምረው የአልቢኖ፣ የላቬንደር አልቢኖና የአልትራሜል ሞርፎችን ጂኖች ለይተዋል። አሁን ለተወሰኑ ሞርፎች የወለቀውን ቆዳ ተቀብለው የሚመረምሩ ቤተ ሙከራዎች ስላሉ፣ ለሄት ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠይቅን ሻጭ የምርመራ ውጤት አሳየኝ ማለት ነውር የለውም።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ስፓይደር የሚባለው ሞርፍ ነው። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ጥቁር መስመሮች ያሉት ውብ እባብ ነው። ይሁን እንጂ ያንን ውበት የሚሰጠው ጂን ሚዛን የመጠበቅ ችሎታውን ይጎዳል፤ ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም አንገቱ ተጠምዝዞ ወደ ላይ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት የእነዚህ እባቦች የውስጥ ጆሮ የተበላሸ ቅርጽ እንዳለው በምስል አሳይቷል። ጉዳቱ ከአንዱ እባብ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ተረጋግቶ የተቀመጠ ትንሽ እባብ ላይ ከቶ ላይታወቅ ይችላል። ደግሞም ስሙ ይሰወራል። ስፓይደርና ፓስቴል ሲጣመሩ «ባምብልቢ»፣ ስፓይደርና ፒንስትራይፕ የሚባለው ሌላ ሞርፍ ሲጣመሩ «ስፒነር» ይባላሉ፤ ስፓይደር የሚለው ቃል ክዳኑ ላይ የለም። ስለዚህ የጥምረቱን ስም ሰምታችሁ አትለፉ፤ በውስጡ ያሉትን ጂኖች አንድ በአንድ ዘርዝርልኝ በሉ። ሻምፓኝ የሚባለውም ተመሳሳይ የሚዛን ችግር አለበት፤ ሱፐር ሲናሞን ደግሞ የአከርካሪ መጣመም ሊከሰትበት ስለሚችል፣ ጀርባውን በጣታችሁ በቀስታ ዳስሱ። በበኩሌ ስፓይደር ያለበትን ማንኛውንም እባብ አልገዛም፣ ለማንም አልሸጥም። ልጆች ይህን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ፤ እኛ የምንወደውን መልክ ተሸክሞ ዕድሜውን ሙሉ የሚቸገረው እባቡ ነውና።

በፊቴ ሁለት ሳጥኖች አሉ። በአንደኛው ውስጥ ከእነዚያ ስድስቱ መካከል ያስቀረኋት ሴት ናት፤ አንዱን ከአባቷ ሌላውን ከእናቷ የወረሰቻቸውን ሁለት የተለያዩ የአክሳንቲክ ጂኖች በድብቅ ተሸክማለች። በሌላኛው ያለችው ምንም የተለየ ጂን የማይታወቅባት ተራ ቦል ፓይተን ናት። ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነው፣ ስማቸውንም አልጻፍኩባቸውም። እኔ ራሴ የምለያቸው ከሳጥኑ ሥር ባጣበቅሁት የልደት መዝገብ ነው። ልጆች፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ወደ መስኮቱ ኑ፤ ከነካችኋቸው በኋላም መልሳችሁ ትታጠባላችሁ። መጀመሪያ ዓይናቸውን፣ ቀጥሎ ጎናቸውን፣ ከዚያም የሆዳቸውን ጠርዝ እዩና የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች የምታስቡትን ንገሩኝ፤ ሁላችሁም ከጨረሳችሁ በኋላ ሳጥኖቹን ገልብጠን መዝገቡን አብረን እናነባለን።