ኳሷ ለምን ትሸሸኛለች?

ጤና ይስጥልኝ፤ ከደብረ ብርሃን ነኝ። ነፋሱ በሩን እየገፋው ስለሆነ በመሃል ኳ የሚል ድምፅ ብትሰሙ እንግዳ መጥቶ አይደለም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ጥቅምት የስድስት ዓመቷን የእህቴን ልጅ ሜዳ ቴኒስ አስተምራለሁ ብዬ ተነሣሁ። የራሴን ራኬት አስጨበጥኳት። መሬት ላይ ሲያቆሙት ወገቧ ድረስ ይደርሳል። ቢጫዋን ኳስ ወረወርኩላት፤ ኳሷ ነጠረችና በአናቷ ላይ አለፈች። ሁለተኛዋም እንዲሁ፣ አምስተኛዋም እንዲሁ። እኔ ደግሞ «ኳሷን እያየሽ!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ ልጅቷ ከማየት በቀር ሌላ ያደረገችው ነገር የለም እኮ። በመጨረሻ ራኬቱን በሁለት እጇ ታቅፋ «አጎቴ፣ ኳሷ ለምን ትሸሸኛለች?» አለችኝ።

መልሱ ከእግራችን ሥር ነበር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ኳሷን የሚያዘገያት ነገር ይቀንሳል፣ በውስጧ የታመቀው አየርም የበለጠ ያነጥራታል። የቴኒስ ሕግ ራሱ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሕግ መሠረት ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በተለመደችው ቢጫ ኳስ አይወዳደሩም። ጀማሪዎቹ የሚጫወቱት በ75 በመቶ ያህል በምትዘገይ ቀይ ኳስ፣ 11 ሜትር ገደማ በሆነ ሜዳ፣ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው መረብ ነው። የአዋቂው ሜዳ 23.77 ሜትር ነው። እኔ ሕፃኗን ያቆምኳት እዚያ ላይ ነበር።

ቀይ ኳስ በእጄ አልነበረም። ራኬቱን ሰቀልኩትና በካልሲ ኳስ ጀመርን። የካልሲ ኳስ አትነጥርም፤ ለመወርወርና ለመቅለብ ግን የሚተካከላት የለም። ሁለት ሳምንት ይህንኑ ብቻ ሠራን። ቀጥሎ ፊኛ በመዳፏ እየመታች ከመሬት እንዳይደርስ ማድረግ ያዘች። ራኬት ማለት የረዘመ መዳፍ ነው፤ መዳፉ ወዴት እንደሚያይ ያላወቀ ልጅ ራኬቱም ወዴት እንደሚያይ አያውቅም።

ከዚያ የእናቴን ወስፌ ሰረቅሁ። ያረጀች ቢጫ ኳስ ስወጋት «ስስስ» ብላ ተነፈሰች፤ ስጥላት ከልጅቷ ወገብ በላይ አልነጠረችም። እናቴ «ስፌት የምሰፋበትን?» ብላ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ እውነቷን ነው።

ራኬቱን ስመልስላት እጀታውን ከጫፉ ሳይሆን ወደ አንገቱ ተጠግታ እንድትይዝ አደረግሁ፤ ይቀልላታል። ጎኗን ሰጥታ ትቆማለች። ኳሷ ስትነጥር «ነጠረች»፣ ስትመታት «መታሁ» ትላለች። ችኮላዋን የገደለው ይህ ነው፤ ቀድሞ ኳሷ ሳትነጥር ነበር የምትወነጭፈው። የጎረቤት ልጅ ግን የገና ጨዋታ ሲጫወት ያደገ ስለሆነ ምንም ሳይነገረው ከታች ወደ ላይ ይመታል። ያንን ክንድ ማን አስተማረው ልበል?

መረባችን በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ከፍታው ይለዋወጣል። ትናንት ስምንት ጊዜ ተቀባበልን። ዘጠነኛዋ እናቴ ካሰጣችው ብቅል ውስጥ ገባች፤ ጨዋታውም በዚያው ተቋረጠ።