ፋይሉን ማን ይከፍተዋል? ስለ ፓይተንና ስለ ዳታ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ፦ ጤና ይስጥልኝ። የደንበኞች ስምና ስልክ በፓንዳስ፣ በፓይተን የሠንጠረዥ መሥሪያው፣ ሲኤስቪ ፋይል አድርጌ አስቀመጥኩ። በኤክሴል ስከፍተው አማርኛው የማይነበብ ምልክት ሆኗል፤ ከስልኮቹም መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ የለም። ዳታዬ ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ አልጠፋም፣ አይደንግጡ። ብቻ ኤክሴል ላይ ሆነው ሴቭ እንዳያደርጉት፤ ያኔ በእርግጥ ይጠፋል። በኖትፓድ ይክፈቱት፤ ስሙንም ዜሮውንም በቦታው ያገኙታል። ሲኤስቪ በኮማ የተለያየ ተራ ጽሑፍ ነው። የትኛው ዓምድ ቁጥር፣ የትኛው ጽሑፍ እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ በምን ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደሉ በምን ስልት ወደ ባይት ተቀይሮ እንደተጻፈም አይናገርም። ስለዚህ የሚከፍተው ፕሮግራም ይገምታል፤ የእርስዎን ፋይል ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ገመተ።

ለአማርኛው፣ ሲያስቀምጡ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8-ሲግ (utf-8-sig) ያድርጉት። ፋይሉ መግቢያ ላይ 3 ባይት መለያ ይጨመርበታል፤ ኤክሴል ፊደሉን የሚለየው በዚያ ነው። ለስልኩ ደግሞ፣ ፋይሉን በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ በዳታ ሜኑ አስገብተው ዓምዱን ቴክስት ይበሉት። በፓንዳስ መልሰው ሲያነቡም ዓምዱ ስትሪንግ፣ ማለትም ጽሑፍ፣ መሆኑን ይንገሩት፤ አለዚያ ዜሮውን ይጥለዋል። ስልክ ቁጥር አይደመርም፣ አይቀነስም፤ እኔ ሁልጊዜ እንደ ጽሑፍ ነው የምይዘው።

አድማጭ፦ ከፓይተን ባስቀመጥኩት ጄሰን፣ ዳታን በጽሑፍ መልክ በሚይዘው ፋይሌ ውስጥ፣ በአማርኛ ፊደላት ፈንታ የኮድ ቁጥር ተደርድሯል።

መልስ፦ ጤነኛ ነው፣ መልሰው ሲያነቡት አማርኛው ይመለሳል። በዓይን እንዲነበብ ከፈለጉ ሲያስቀምጡ ኢንሹር አስኪ (ensure_ascii) የሚለውን ምርጫ ፎልስ ያድርጉ፣ ፋይሉንም በዩቲኤፍ-8 ይክፈቱ። እያንዳንዱ ፊደል ከ6 ባይት ወደ 3 ስለሚወርድ ፋይሉም ይቀላል።

አድማጭ፦ ከኢንተርኔት ፒክል የሚባል የፓይተን ዳታ ማስቀመጫ ፋይል አወረድኩ። ልክፈተው?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አትክፈቺው። ይህን ጥያቄ ከመክፈትሽ በፊት በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ፒክል ሲነበብ ውስጡ የተደበቀ ትእዛዝ ኮምፒውተርሽ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ፋይል መሰረዝም፣ የይለፍ ቃል መስረቅም ይችላል። ከፍቶ ማጣራት የሚባል ነገር የለም፤ መክፈቱ ራሱ ነው አደጋው። የፓይተን ሰነድም የማታምኚውን ፒክል አታንብቢ ብሎ ያስጠነቅቃል። ፒክል ራስሽ ጽፈሽ ራስሽ ለምታነቢው ጊዜያዊ ሥራ ይሁን። ያንኑ ዳታ በጄሰን ወይም ፓርኬ በሚባለው የሠንጠረዥ ፋይል ዓይነት የሚያቀርብ ካለ ያንን አውርጂ። ሠንጠረዥ ከሆነ ፓርኬን እመርጥልሻለሁ፤ የየዓምዱን ዓይነት አብሮ ስለሚይዝ ቅድም የሰማነው የዜሮ ጣጣ እዚያ አይመጣም።