የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር

ከጎንደር የደወላችሁልንን ጥያቄዎች የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያችን እንዲህ መልሰዋል።

ከማራኪ፦ ላፕቶፔ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ የሚነሳበት ዲስክ እንዳጣ ይጽፋል። ትናንት ደህና ነበር።

መልስ፦ ፍላሽ ሰክተሽ ከሆነ ኮምፒውተሩ ከእሱ ልነሳ እያለ ይሆናል፤ ንቀይውና እንደገና አብሪው።

ከአራዳ፦ የዴስክቶፑ ፋን ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ደጋግሞ ጢጥ ጢጥ ይላል።

መልስ፦ ጢጥ ማለቱ ደግ ነው፤ ዝም ቢል ነበር የሚያስፈራው። አብዛኛውን ጊዜ ራሙ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስታወሻው ነው። ከሶኬት ንቀል፤ ማጥፋት አላልኩም፣ መንቀል ነው ያልኩት። ማብሪያውን 10 ሰከንድ ተጭነህ ያዝ፣ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። የጎን ክዳኑን ክፈትና ራሙን ከጫፍና ጫፉ ያሉትን መያዣዎች ገፍተህ አውጣው። ወርቃማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ ቀስ አድርገህ እሸው፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ አራግፍ። ስትመልሰው መያዣዎቹ ራሳቸው ቀጭ እስኪሉ ተጫነው። ሁለት ራም ካለህ አንድ በአንድ እየሰካህ ሞክር። በአረቄ የሚጠርጉ አሉ፤ ተዉት፣ ውሃ አለበት።

ከአይራ፦ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ ኤፍ 1 ተጫን ይለኛል።

መልስ፦ አባቴ፣ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዋናው ቦርድ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አልቃለች። ሲአር 2032 ብለው ይጠይቁ፣ ባለ 3 ቮልት ናት። ጽሑፍ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ከሶኬት ነቅለው።

ከአዘዞ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሬ ሞተ። ፓወር ሰፕላዩን፣ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን የቆርቆሮ ሳጥን፣ ፈትቼ ሳየው ፊውዙ ተቃጥሏል። በመዳብ ሽቦ ብቀጥለው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው! ወንድሜ፣ ሽቦውን አሁኑኑ ጣለው። ፊውዝ እንዲሁ አይቃጠልም፤ ብዙ ጊዜ ከኋላው ያለ ዳዮድ ወይም ትራንዚስተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ተበላሽቶ ሾርት አድርጓል። ሽቦ ስትቀጥልበት የሚበጠስ ነገር ስለማይኖር ወይ ቦርዱ ይነድዳል ወይ መጋረጃህ። «አንዲት ቀጭን ክር ብቻ ነው ያደረግሁት» የሚል አይጠፋም። ያቺ ክር በስንት አምፔር እንደምትበጠስ ማን ለካት?

ደግሞስ ያንን የቆርቆሮ ሳጥን ማን ፍታው አለህ? ሁልጊዜ ከሶኬት ንቀሉ እላለሁ፤ እዚህ ግን መንቀልም አይበቃም። ውስጡ አውራ ጣት የሚያህል ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ አለ። የግድግዳው 220 ቮልት እዚያ ወደ 310 ቮልት ዲሲ ሆኖ ይጠራቀማል፣ ከተነቀለም በኋላ ለደቂቃዎች ይቆያል። የተጠራቀመውን የሚያፈስሰው ሬዚስተር ከተቃጠለ ከዚያም በላይ ይቆያል። እጅህን ሲይዝህ «ነቅዬው ነበር» ብትለው አይሰማህም።

ሳትፈታ የምታየው ይኸውልህ። ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር ሞክር፣ ገመዱን በሌላ ቀይር። ከጀርባው ያለችው ማብሪያ በዜሮው፣ ማለትም በማጥፊያው በኩል ተጭና እንደሆነ እያት። አንዳንድ አሮጌዎች ላይ ቀይ መቀያየሪያ አለች፤ 230 ላይ ትሁን። 115 ላይ ሆና ከሰካኸው ወዲያው ይፈነዳል። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ፋኑ ካልዞረ ፓወር ሰፕላዩን በአዲስ ቀይረው። ዋቱ ከበፊቱ አይነስ፣ ባለ 24 እግሩ ሶኬትና ለፕሮሰሰሩ ባለ 4 ወይም ባለ 8 እግሩ ይኑረው።

መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሲሄድ ከሶኬት ንቀሉ፣ ከመጣ በኋላ 10 ደቂቃ ታገሱ። ዲቫይደር ማከፋፈያ እንጂ መከላከያ አይደለም። የእንጀራ ምጣድና ኮምፒውተር በአንድ ዲቫይደር የምትሰኩ ደግሞ አላችሁ፤ ምጣዱ ከ3 ሺህ ዋት በላይ እየሳበ ለኮምፒውተሩ ምን ይተርፈዋል?

ከፒያሳ፦ መብራት ድንገት ከጠፋ ወዲህ ዊንዶውስ ራሱን እየጠገነ እንደሆነ ይናገራል እንጂ አይነሳም። ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ ፎርማት የመጨረሻው ነው። አንድ ሰዓት ያህል ተይው፣ መሀል ላይ አታጥፊው። ካልሆነ ከሚያወጣው ሰማያዊ ገጽ የማስነሻ ቅንብሩን መርጠሽ ኤፍ 4ን ተጫኚና በሴፍ ሞድ፣ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት መንገድ አስገቢው። ከገባልሽ ሌላ ነገር ሳትነኪ መጀመሪያ ፋይልሽን ገልብጪ። ካልገባልሽ ዲስኩን አውጥቶ የሚገለብጥልሽ ባለሙያ ጋ ውሰጂው።

ከቀበሌ 18፦ ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ አይነሳም። የልጆቼ ፎቶ ያለው እዚያ ላይ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ አጥፊው። ከሶኬትም ንቀይው። ደግመሽ አታብሪው፣ አትምቺው፣ አትፍቺው። ባለሙያ ጋ ሂጂ።