ፕላሲል ውጦ አንገቱ የዞረው ልጅ

ዳዊት፦ እሺ፣ ዛሬ የምናወራው ስለ ማስታወክ ነው። ምሳ እየበላችሁ የምትሰሙን ካላችሁ ቆየት ብላችሁ ተመለሱ።

ሰላም፦ (እየሳቀች) ከታናሽ ወንድሜ ልጀምር። ያኔ 17 ዓመቱ ነው። የበላው ነገር አልስማማው ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልስ አደረ። ጠዋት ክሊኒክ ሄዶ ፕላሲል የሚባለው የማስመለስ ማቆሚያ ታዘዘለት። በማግስቱ ማታ ቡና እየጠጣን አንገቱ ወደ ጎን ዞሮ ቀረ። ዓይኑ ጣሪያ ላይ ተሰቀለ። ምላሱ ተሳስሮ መናገር አቃተው። ግን ይሰማል፣ ሁሉንም ያውቃል።

ዳዊት፦ ወይኔ! ቤተሰብ ምን አለ?

ሰላም፦ ምን ይላል! ጎረቤታችን "ቡዳ ነው" አሉ። እናቴ ጠበል ረጨችው። እኔ የሚጥል በሽታ መስሎኝ ክብሪት ላስሸትተው ሮጥኩ። እስካሁን አፍርበታለሁ፤ የፋርማሲ ተማሪ ነበርኩ እኮ።

ዳዊት፦ ምን ሆኖ ነው ታዲያ?

ሰላም፦ መድኃኒቱ ነዋ። የፕላሲል ዋና ስሙ ሜቶክሎፕራማይድ ነው። አንጎል ውስጥ ማስመለስን የሚቀሰቅስ ቦታ አለ፤ እዚያ ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል ያግዳል። ግን የጡንቻ እንቅስቃሴን የሚቆጣጠረው ክፍልም የሚሠራው በዚሁ በዶፓሚን ነው። እዚያም ሲያግደው ጡንቻ ይጨመደዳል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም። ሲደርስ ልጆችና ወጣቶች ላይ ይበዛል፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት።

ዳዊት፦ አይለቅም?

ሰላም፦ ይለቃል። ጉሮሮ ከያዘ ግን አደገኛ ስለሆነ ቤት አይጠበቅም። ድንገተኛ ክፍል ወስደነው ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል፣ የተጨመደደውን ጡንቻ የሚፈታ መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት። ከፍዬ ስመለስ አንገቱ ቀጥ ብሎ "ራበኝ" አለኝ።

ዳዊት፦ እኛ ቤት እኮ ፕላሲል ከመሳቢያ አይጠፋም። ለማንም፣ ለምንም ነው።

ሰላም፦ እሱ ነው የሚያናድደኝ! የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እንደ ፈረንጆቹ በ2013 አጥብቆታል። ከ5 ቀን አይለፍ፣ ለአዋቂ በቀን ከ30 ሚሊግራም አይብለጥ፣ 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጭራሽ አይሰጥ።

ዳዊት፦ ለሕፃን ምን ይደረጋል ታዲያ?

ሰላም፦ መጀመሪያ ኦአርኤስ፣ በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት። ካስመለሰ በኋላ 10 ደቂቃ ጠብቆ፣ በየ2 ወይም 3 ደቂቃው በማንኪያ። በብርጭቆ ከሰጡት መልሶ ያወጣዋል። ማስመለሱ አላስጠጣ ካለ ሐኪሙ ኦንዳንሴትሮን ሊያዝ ይችላል። መጀመሪያ የካንሰር መድኃኒት ለሚያስመልሳቸው ሰዎች የመጣ ነው። የሚያግደው ዶፓሚንን ሳይሆን ሴሮቶኒን የሚባለውን ሌላ ኬሚካል ስለሆነ አንገት የማዞር ጣጣው በጣም ያነሰ ነው። ሆድ ያደርቃል፤ የልብ ምት ችግር ላለበት ሰው ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ዳዊት፦ ወንድምሽስ?

ሰላም፦ ስልኩ ላይ "ፕላሲል አይስማማኝም" ብሎ ጽፏል፤ ሐኪም ጋ ሲገባ መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ያዳነው ጠበሉ ነው ትላለች።

ዳዊት፦ መርፌውስ?

ሰላም፦ "እሱም አግዟል" ትላለች።