የአጃ ቁርስ ደጋ ላይ ለምን ቶሎ አይበስልም?

(ምስል፦ ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት፣ መስኮቱ በጤዛ ደብዝዟል)

የታሸገው አጃ ጀርባ ላይ «5 ደቂቃ» የሚል ካያችሁ፣ ደብረ ብርሃን ላይ አትመኑት። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 91 አካባቢ ሲሆን ይፈላል። እሳት ብትጨምሩበትም ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ቶሎ ተንኖ ያልቅና አጃው ከሥር ያርራል። ከእኛም ከፍ ባለችው መሐል ሜዳ ከተማ ያላችሁ ደግሞ የእናንተ ይብሳል። ቆላ ያላችሁ ሸዋ ሮቢቶች፣ እናንተን ይሄ ብዙም አይመለከታችሁም።

ገብስ ባለበት አገር አጃ ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ እኛ ጋ አጃ ብዙ ጊዜ የሚዘራው ለከብት ነው። ለቁርስ ግን የራሱ ጸጋ አለው፤ ሲበስል የሚያወፍረውና የሚያዝለገልገው ቤታ ግሉካን የሚባለው አሰር የምግቡን መፈጨት ስለሚያዘገይ ሆድ ይይዛል፣ አዘውትሮ ለሚበላውም ኮሌስትሮል ይቀንሳል።

(ምስል፦ ደረቅ መጥበሻ ላይ አጃ ሲታመስ፣ ከቅርብ)

ለአንድ ሰው ግማሽ ኩባያ አጃ ይበቃል። መጀመሪያ ያለ ዘይት አመስ አመስ አድርጉት። እጃችሁ አይረፍ፤ ጠፍጣፋው አጃ ስስ ስለሆነ ዞር ስትሉ ጠርዙ ይጠቁራል። ቀለሙ ፈካ ካለ ነጭ ወደ ወርቃማ ሲያዘነብልና ቤቱ ቆሎ ቆሎ ሲሸት ይበቃዋል። ይቺን ደረጃ የሚዘል ሰው ነው «አጃ ወረቀት ወረቀት ይለኛል» የሚለው።

ከገበያ ከነገለባው የገዛችሁ ግን ሥራ አለባችሁ፦ ማመስ፣ በሙቀጫ መሸክሸክ፣ በሰፌድ ማበጠር፣ ከዚያ እንደ ቅንጬ መከካት። ብዙ ፈጭታችሁ አታስቀምጡ። አጃ ከስንዴና ከገብስ ይልቅ ቅባት ስላለው ዱቄቱ ሲቆይ ይመራል።

አንድ ኩባያ ውሃ አፍሉ፣ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ጨምሩ፣ አጃውን በትኑበት። እሳቱን ቀንሱና ክደኑት። ጠፍጣፋው አጃ 10 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ክኩ ግማሽ ሰዓትም ሊያልፍ ይችላል፣ ውሃውም ሁለት እጥፍ ይሁን። ክኩን ማታ ብትዘፈዝፉት ጠዋት ይቀላችኋል። ግማሽ ኩባያ ወተት የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይገነፍላል፣ ከሥርም ይይዛል። ወተቱ ከገባ በኋላ እያማሰላችሁ ትንሽ ቆዩና አውርዱት። ከዚያ እንደተከደነ ጥቂት ደቂቃ ይረፍ።

(ምስል፦ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ቅቤ ሲቀልጥ)

ማጣፈጫው እንደየሰው ነው። ልጆች ማርና ሙዝ ይወዳሉ። ለእኔ ግን የጠዋት ውርጭ ላይ ኮረሪማ የገባበት ንጥር ቅቤና ትንሽ ሚጥሚጣ የሚያህለው የለም። ማርና ሚጥሚጣን አንድ ላይ የሚያደርግ ሰውም አይቻለሁ፤ አልፈርድበትም፣ አልበላለትምም።

ረቡዕና ዓርብ ቁርሱ ወደ ምሳ መሸጋገሩ አይቀርም። ያን ጊዜ በወተቱ ፈንታ ሱፍ ቀቅሉ፣ ውቀጡ፣ በውሃ በጥብጣችሁ አጥልሉና ነጩን ጨምሩበት። የተረፈው አጃ ሲቀዘቅዝ እንደ ገንፎ ይጠጥራል፤ ስታሞቁት ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉበት።