ካርል ማለት ንጉሥ ማለት ነው?

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! የዛሬው ስማችን ካርል ነው። የጀርመኖቹ ካርል።

በቀጥታ ወደ ኮሜንታችሁ ልግባ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ «ካርል ማለት ንጉሥ ማለት ነው» ብላችኋል። ኧረ አይደለም! ካርል ማለት ሰው፣ ወንድ፣ ባል ማለት ነው። ባሪያም መኳንንትም ያልሆነ፣ የራሱ ጌታ የሆነ ባላገር። አንድ የድሮ የሰሜን አውሮፓ ግጥም አለ፤ የአንድ አባት ሦስት ልጆች፣ አንዱ ባሪያ፣ አንዱ መስፍን፣ የመካከለኛው ስም ካርል። ይሄ ካርል ምን ይሠራል መሰላችሁ? በሬ ይገራል፣ ሞፈር ያበጃል፣ ጎተራ ይሠራል፣ ያርሳል። ገበሬ ነው! እኔ ይሄን ትርጉም ከንጉሥ አብልጬ ነው የምወደው።

«ታዲያ ቼኮች ንጉሥን ክራል፣ ሩሲያውያን ኮሮል የሚሉትስ?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቄሳርን አስቡ፤ ቄሳርን። «የቄሳርን ለቄሳር» ሲባል ያኔ ሮምን የሚገዛው ማን ነበር? ጢባርዮስ! ታዲያ ለምን ቄሳር ተባለ? ቄሳር መጀመሪያ የዩልዮስ ቄሳር የቤተሰብ ስም ነበራ። ዩልዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ተገደለ፤ ስሙ ግን ለወራሾቹ ተላለፈ፣ ከወራሾቹ ወደ ዙፋኑ፣ በመጨረሻም ማዕረግ ሆኖ ቀረ። ጀርመኖች ካይዘር አሉት፣ ሩሲያውያን ጻር አሉት። የአንድ ቤተሰብ ስም እኮ ነው!

ካርልም እንደዚያው ነው። ታላቁ ካርል፣ ፈረንሳዮች ሻርለማኝ የሚሉት የፍራንኮች (የጥንት ጀርመናዊ ሕዝብ) ንጉሥ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ800 የገና ዕለት ሮም ላይ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ጫነ። በምሥራቅ በኩል የሚያዋስኑት ስላቮች (ቼኮችም ሩሲያውያንም ከነሱ ወገን ናቸው) ስሙን ሰምተው ሰምተው፣ ንጉሥ የተባለውን ሁሉ በእሱ ስም ጠሩት። ቃሉ ከስሙ ወጣ እንጂ ስሙ ከቃሉ አልወጣም። ያዛችሁልኝ? ቃሉ ነው ከስሙ የወጣው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ፦ በላቲን ካሮሉስ፣ በፈረንሳይኛ ሻርል፣ በእንግሊዝኛ ቻርልስ፣ በስፓኒሽ ካርሎስ፣ በጣልያንኛ ካርሎ። ለሴት ሲሆን ካሮሊን፣ ሻርሎት። ሁሉም የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው።

እኛ አገር ካርል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ካርልሃይንዝ በም የሚባሉትን ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ሜንሽን ፎር ሜንሽን የተባለውን የእርዳታ ድርጅት የመሠረቱትን፣ ኋላም የክብር ኢትዮጵያዊ ዜግነት የተሰጣቸውን ተዋናይ። ስማቸው ድርብ ነው፦ ካርል እና ሃይንዝ። ሃይንዝ የሃይንሪሽ ማሳጠሪያ ሲሆን፣ ውስጡ «ቤት» እና «ገዥ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉበት። ገዥነቱን የፈለጋችሁ እንግዲህ እዚያ ታገኙታላችሁ!

ሃይንሪሽን፣ ከነሄንሪው ከነኤንሪኮው፣ በሚቀጥለው ቪዲዮ እንፈታዋለን። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ የምታውቁት ካርል ካለም ላኩለት።