ማንኪያው በማን እጅ ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። በዛሬው ክፍል እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ስለ ሕፃናት አመጋገብ ለረጅም ጊዜ ሳሰላስለው የቆየሁትን ሐሳብ ብቻዬን ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ልጄ ዓመት ከመንፈቅ ልትሞላ ጥቂት ቀርቷታል። ጡት ጠብታለች፣ ለተወሰነ ጊዜ የዱቄት ወተትም ጠጥታለች፣ አሁን ደግሞ ከቤተሰቡ ማዕድ ትቋደሳለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከባለሙያ፣ ከዘመድና ከጎረቤት የደረሰኝን ምክር ሳስታውስ የሚገርመኝ፣ ስለ መጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የማይመክር ሰው አለመኖሩ፣ ከስድስተኛው ወር በኋላ ግን መካሪው ሁሉ እየተበተነ መሄዱ ነው። እንደ እኔ እምነት ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ግን ያኔ ነው።

ይህን የምለው የራሴን ቤት ብቻ አይቼ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት 59 በመቶዎቹ የሚያገኙት የእናት ጡት ወተት ብቻ ነበር። ይህ ቀላል ውጤት አይደለም። በአንጻሩ ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ልጆች መካከል በዓይነትም ሆነ በቀን በሚመገቡበት ጊዜ ብዛት ዝቅተኛውን መስፈርት የሚያሟላ ምግብ ያገኙት 11 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶዎቹ መቀንጨር፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ማጠር፣ ታይቶባቸዋል። ጡት በማጥባት በኩል ከግማሽ በላይ የተሳካለት አገር ወደ ሳህኑ ሲመጣ ከአሥር ልጆች ዘጠኙን የሚያጣው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ምክር አጭርና ቁርጥ ያለ በመሆኑ ይመስለኛል የሚሰማው። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር፣ እንገሩ አይደፋ፣ ከጡት በስተቀር ውሃም ቢሆን አይሰጥ የሚል ነው። እኔ በወለድኩበት ቀን አማቴ በትንሽ ብልቃጥ ለጋ ቅቤ ይዘው መጥተው ነበር፤ አንጀቷ እንዲለሰልስላት ትንሽ ላልሳት ብለው ሲጠይቁ አዋላጇ ሳትቆጣ፣ «እማማ፣ ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ ያድርጉላት፤ ለልጅቱ እንገሩ ይበቃታል» አለቻቸው። ነገሩ በዚሁ አለቀ። አዋላጇ ቢጫውና ወፍራሙ እንገር በመጠን ጥቂት ቢሆንም በሽታን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች እንደሞሉበት፣ የጡት ወተት ከመቶው 88 ያህሉ ውሃ በመሆኑም በቆላ ሙቀት እንኳ ሕፃን ተጨማሪ ውሃ እንደማያስፈልገው ደጋግማ አስረዳችን። ሕፃኗ ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ በጠጣች ቁጥር የምትጠባው ይቀንሳል፤ የምትጠባው ሲቀንስ ደግሞ ጡት የሚያመነጨው ወተት ይቀንሳል። «ወተቴ አልበቃ አላት» የሚለው የብዙ እናቶች እሮሮ ከዚህ ዑደት የሚነሳበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚህ ምክር ጋር የማይስማማው የሥራ ሕጋችን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ቀድሞ ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ብቻ ስለነበር መሻሻሉን አልክድም። ይሁን እንጂ ስድስት ወር ጡት ብቻ አጥቢ የተባለች ሴት በሦስተኛው ወር ወደ ቢሮ ስትመለስ የቀረውን ሦስት ወር በምን ትሸፍነዋለች? ለአባት የተፈቀደው ሦስት ቀን ነው፤ ስለ እሱ ብዙ ባልናገር ይሻላል። እኔ ወተቴን የማልበው በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ውስጥ፣ በአሮጌ ፋይሎች መደርደሪያ መካከል፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ነበር። የታለበ የጡት ወተት በክፍል ሙቀት የሚቆየው ለ4 ሰዓታት ያህል ሲሆን በማቀዝቀዣ ውስጥ ግን እስከ 4 ቀናት ይቆያል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህን ስሌት መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ለማጠጣት ጡጦ አልተጠቀምንም። ባለሙያዎች በሲኒ እንድናጠጣት መከሩን፤ መጀመሪያ ሲነግሩኝ ልጄ በቡና ሲኒ ትታነቃለች ብዬ ሰግቼ ነበር። አሠራሩ ግን ቀላል ነው። ሕፃኗን ቀጥ አድርጎ አቅፎ የሲኒውን ጠርዝ በታችኛው ከንፈሯ ላይ ማስደገፍና ወተቱ ከንፈሯን እንዲነካ ብቻ ማዘንበል ይበቃል፤ አፏ ውስጥ አይገለበጥም፣ በምላሷ እየሳበች የምትወስደው ራሷ ናት። ሲኒ በፈላ ውሃ ለማጠብ ምንም አያስቸግርም፤ የጡጦ ጫፍና አንገት ውስጥ ግን ወተት ተጣብቆ ይቀራል።

በአራተኛው ወር ማብቂያ ግን የሚታለበው አልበቃ ስላለ የዱቄት ወተት ጨመርን። ይህን በማድረጓ እናትን የሚወቅስ ሰው ካለ በመጀመሪያ አሠሪዋን ይውቀስ እላለሁ። የሚያሳስበኝ አዘገጃጀቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ የዱቄት ወተት የሚያገኘው ከውጭ በሚመጣ ሻንጣ ነው፤ አንዱ ጣሳ ከሜሪላንድ፣ ሌላው ከዱባይ፣ ሌላው ከፍራንክፈርት ይመጣል። በአሜሪካ የሚሸጡት አብዛኞቹ ጣሳዎች አንድ ስፍር ዱቄት ለ60 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲሉ፣ በአውሮፓ የሚሸጡት በአብዛኛው አንድ ስፍር ለ30 ሚሊ ሊትር ይላሉ፤ የመስፈሪያዎቹም መጠን የተለያየ ነው። የአንዱን ጣሳ መስፈሪያ ከሌላው ጋር ያቀያየረ ሰው ሳያውቀው ወይ በግማሽ የቀጠነ ወይ በእጥፍ የወፈረ ወተት ይሰጣል ማለት ነው። ቀጭኑ ልጁን ያስርበዋል፤ ወፍራሙ ኩላሊቱን ያስጨንቃል። የጣሳው ዋጋ እየናረ ሲሄድ እንዲበረክት ብሎ ውሃ የሚጨምርም ሞልቷል። ዱቄቱ በፋብሪካ የታሸገ ቢሆንም ከጀርም ፍጹም የጸዳ ስላልሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ፈልቶ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባልወረደ ውሃ እንዲበጠበጥ፣ ከዚያ ቀዝቅዞ እንዲሰጥና የተረፈው እንዲደፋ ይመክራል። ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ለአያትና ለሠራተኛ ማንበብና ማስረዳት የሚገባው ለዚህ ነው።

ስድስተኛው ወር ሲደርስ «አሁን ምግብ ጀምሪላት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይነገረኝና የክትባት ካርዱ ተመልሶ ይሰጠኛል። ምን፣ በምን ያህል ውፍረት፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ በማን እጅ? የሚነግረኝ አልነበረም። ክፍተቱን የሚሞላው ሙቅ ነው። በሰፈራችን ያየሁት ሙቅ ከውሃ የሚለየው በመልኩ ብቻ ነው፤ በጡጦ ስለሚሰጥ እንዲወርድ መቅጠን አለበት፣ አልወርድ ሲል ደግሞ የጡጦው ጫፍ በጋለ መርፌ ወይም በምላጭ ይሰፋል። ልጁ ጠግቦ ይተኛል፤ እናትም ደስ ይላታል። ነገር ግን ስምንት ኪሎ የምትመዝን ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ከአንድ የውሃ ብርጭቆ የማይበልጥ ነው። ያንን ቦታ በውሃ ከሞላነው ለምግብ የሚተርፍ ቦታ የለም። በዚያ ላይ ከእናቷ ማህፀን ይዛው የመጣችው የብረት ማዕድን ክምችት በዚሁ ዕድሜ ይመናመናል፤ የጡት ወተት ደግሞ የብረት ይዘቱ ዝቅተኛ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። የተዘጋጀውን ገንፎ በማንኪያ አንስቶ ማዘንበል፤ ተንጠፍጥፎ ከወረደ ቀጥኗል፣ ማንኪያው ላይ ተቀምጦ ከቆየ ለልጅ ይሆናል። ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር ጀምሮ ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ ጡቱ ሳይቋረጥ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ። ወፍራሙን ለመዋጥ ለሚያስቸግራት ልጅ ደግሞ መፍትሔው ከጠላ ጠማቂ ቤት አይጠፋም። ወፍራሙ ገንፎ ከእሳት ወርዶ በረድ ሲል ሻጋታ ያልነካው የብቅል ዱቄት ቆንጠር አድርጎ ቢያማስሉበት በደቂቃዎች ውስጥ ይላላል፤ ከዚያ እንደገና ማንተክተክ ነው። ውሃ ሳይጨመር ስለላላ በውስጡ ያለው እህል አልቀነሰም። አማቴ ይህን ሳሳያቸው ምንም አልተደነቁም፤ «ብቅል ስታርችን እንዲህ እንደሚያደርግ ድፍድፍ ያየ ሁሉ ያውቀዋል» ለማለት የፈለጉ ይመስል ትከሻቸውን ብቻ ነቀነቁ፤ ስታርች የሚለውን ቃል የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ስለ ምጥን ዱቄትም የምለው አለኝ። ገበያ ላይ «አሥራ ሁለት ዓይነት» እየተባለ የሚሸጠው ምጥን፣ ውስጡ ሲታይ አጃ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ኦቾሎኒና የመሳሰሉት ናቸው። ጥሩ ምግብ ነው፤ እኔም አስፈጫለሁ። ሆኖም በሥነ ምግብ ባለሙያዎች አመዳደብ እነዚህ ሁሉ የሚጠቃለሉት በሁለት ምድብ፣ በእህልና በጥራጥሬ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ቢጫና አረንጓዴ አትክልት፣ ፍራፍሬ የሉበትም። ልጅ ከስምንቱ ምድቦች የጡት ወተትን ጨምሮ ቢያንስ አምስቱን በቀን ማግኘት አለበት ከተባለ፣ አሥራ ሁለት ዓይነት እህል የበላው ልጅ ገና ሁለት ላይ ነው ያለው፤ ጡቱ ቢታከልበትም ሦስት ነው። በንጉሡ ዘመን በስዊድን ድጋፍ የተዘጋጀው ፋፋ ከእህልና ከጥራጥሬ ጋር የዱቄት ወተት የተቀላቀለበት በከንቱ አልነበረም።

እንቁላሉን ሳነሳ ጾምን ሳልነካ አላልፍም። ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም አላለችውም፤ ይህን የማያውቅ ምእመን የለም። እንቁላሉን ከሕፃኑ የሚያርቀው ትምህርቱ ሳይሆን ዕቃው ነው። ቤት ውስጥ አንድ መጥበሻና አንድ ቢላ ብቻ ካለ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ያንን መጥበሻ በእንቁላል የሚያስነካ ሰው አይኖርም። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ልጅ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዐቢይ ጾምን ያልፋል፤ ረቡዕና ዓርብን ሳንቆጥር። በእኛ ቤት ነገሩን የፈቱት አማቴ ናቸው። ከመርካቶ አንዲት ትንሽ ክዳን ያላት ድስት፣ አንድ ማንኪያና አንድ ሳህን ገዝተው፣ እጀታቸው ላይ ቀይ ክር አስረው ለብቻቸው ሰቀሏቸው፤ ለሕፃኗ እንቁላልና ወተት በዚያ ይበስላል፣ በሌላ ስፖንጅም ይታጠባል። አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በየቤቱ ስትዞር ከፖስተር ይልቅ አንዲት ድስት ብታስገዛ የበለጠ ትጠቅማለች ብዬ ብናገር አላጋነንኩም።

በጤና ጣቢያዎች የሚካሄደው የምግብ ዝግጅት ማሳያም ሊታሰብበት ይገባል። ማሳያው መልካም ነው፤ ካሮቱ ሲፈገፈግ፣ ጎመኑ ሲደቅ፣ እንቁላሉ ገንፎው ውስጥ ሲመታ በዓይን ይታያል። የሚጠራበት ሰዓት ግን ጠዋት ሲሆን የሚጠሩትም እናቶች ናቸው። ልጄን ቀን የሚመግቧት አማቴና ቤት የምታግዘን ልጅ ናቸው፤ ሁለቱን ስልካቸው «እናትየዋ ካልመጣች አንመዘግብም» ተብለው ተመለሱ። በሚቀጥለው ጊዜ ፈቃድ ወስጄ ሦስታችንም ሄድን፤ እኔ ስሜን አስመዝግቤ ከኋላ ቆምኩ፣ እነሱ ከፊት ተቀመጡ። ቤት የምታግዘን ልጅ ያኔ ካየችው ተነስታ አንድ ልማዷን በዚያው ሳምንት አቆመች። ሕፃኗ አልበላም ስትል አገጯን ይዛ በመዳፏ የምትግታትን ትታ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ አፏን እስክትከፍት መጠበቅ ጀመረች። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ሳህን ለማስጨረስ ረጅም ጊዜ ይወስድባት ነበር፤ አሁን አጥሯል።

በጤና ጣቢያ የምትሠሩ አድማጮች ካላችሁ፣ አያቶችንና ሞግዚቶችን የምትመዘግቡበት መንገድ በአካባቢያችሁ ካለ በድምፅ መልእክት ላኩልኝ። በሚቀጥለው ክፍል ስለ ጡት ማስጣል፣ በተለይም ጡት ላይ እሬት ስለመቀባት ልማድ እንነጋገራለን፤ እስከዚያው ደህና ሁኑ።